ፈተናው ያለው ማስታወቂያው ላይ ነው

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት የቅጥር ፈተና ናቸው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የጀማሪ ዲግሪ ደመወዝ 11,500 ብር ከሆነ ወዲህ ደግሞ ጨምረዋል። ለማታውቁኝ፣ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ፈተና አባዝቻለሁ፣ አዳራሽ ቆሜ አስፈትኛለሁ፣ ወረቀት አርሜአለሁ፣ የቅጥር ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ቃለ ጉባኤ ጽፌአለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአቸዋለሁ። የማንንም ስም አላወጣሁም።

«7 ጊዜ ተፈተንኩ፤ ምን ላንብብ?»

ጤና ይስጥልኝ እህታችን። በ2015 በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቄአለሁ። የመውጫ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት። ከደሴ መጥቼ ጎሮ እህቴ ጋ ነው የምኖረው። እስካሁን 7 መሥሪያ ቤት ተፈትኛለሁ። አንዱ ላይ 4ኛ፣ አንዱ ላይ 11ኛ ወጣሁ፣ የቀሩት ላይ ስሜም የለም። ከቴሌግራም ያወረድኩት ጥያቄና መልስ 2,000 ገጽ አልፏል። ቀን ከሌት አነባለሁ። እህቴ ምንም አትለኝም፣ ግን የትራንስፖርት በጠየቅኳት ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። (ከጎሮ)

ወንድሜ፣ ሥራ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው፣ እህትህም ይህን ታውቃለች፣ አትሸማቀቅ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። 4ኛ የወጣህበት መሥሪያ ቤት ስንት ሰው ነበር የሚፈልገው? ሁለት ወይም ሦስት ከነበረ ተጠባባቂ ልትሆን ትችላለህ። ሄደህ የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቅ። ስልክ ቀይረህ ከሆነ አዲሱን አስመዝግብ። ተጠባባቂ ስንጠራ ስልኩ ስላልሠራ ብቻ ዕድሉ ያለፈው ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ 2,000 ገጹ። ዝጋው። ከልቤ ነው የምልህ። ፈተናው ከየት እንደሚመጣ ብታውቅ አንተም ትዘጋው ነበር።

እኛ ጋ እንዲህ ነበር የሚሆነው። ኮሚቴው ሠራተኛ የሚፈልገውን ክፍል ኃላፊ ይጠራና «ጥያቄ አምጣ» ይለዋል። ሰውየው ሥራ በዝቶበታል። ጠረጴዛው ላይ ፋይል ተቆልሏል። ከየትኛውም የቴሌግራም ቻናል አይቀዳም። ፊቱ ያለውን ፋይል ያይና፣ ባለፈው ሳምንት ያናደደውን ስህተት ያስታውስና እሱን ጥያቄ አድርጎ ይጽፈዋል። አንድ ጊዜ የመጣልኝ ጥያቄ ይኸ ነበር፦ «አንድ አቅራቢ 20 ወንበር ለመሥሪያ ቤቱ አስገብቷል። ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት የትኞቹን ሰነዶች ያያሉ?» በቃ፣ ይኸው ነው። ተፈታኞቹ ግማሽ ገጽ፣ ሙሉ ገጽ ጻፉ። የአካውንቲንግ ትርጉም፣ የሂሳብ መርሆዎች፣ የዴቢትና የክሬዲት ታሪክ። አንዲት ልጅ ግን 6 መስመር ብቻ ጻፈች። የጸደቀ የግዥ ጥያቄ፣ በጀት መኖሩን፣ ውሉን ወይም የግዥ ትዕዛዙን፣ ዕቃው ንብረት ክፍል የገባበትን ሞዴል 19፣ የአቅራቢውን ደረሰኝ፣ ከዚያም ቅድመ ግብር መቀነሱን። ሙሉ ነጥብ አገኘች። ኃላፊው ወረቀቷን ሲያይ «ይቺ የት ሠርታ ነው?» አለ። የትም አልሠራችም፣ የሥራ ልምዷ 0 ዓመት ነበር። አጎቷ ጡረታ የወጣ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው፣ እሱን ጠይቃ ነው የመጣችው።

ስለዚህ የመጨረሻውን ማስታወቂያ አውጣና እንደ ፈተና ወረቀት አንብበው። «የክፍያና ሂሳብ ባለሙያ» ካለ፣ «ክፍያ» የሚለው ቃል ግማሹን ፈተና ነግሮሃል። «የበጀት ባለሙያ» ካለ ሌላ ፈተና ነው። «የንብረት አስተዳደር» ካለ ሌላ። ሁሉም ግን አካውንቲንግ ይቀበላል፣ ተመራቂውም ሦስቱንም በአንድ ደብተር ሊፈተን ይሄዳል። ስትመዘገብ የሥራ መዘርዝሩን እንዲያሳዩህ ጠይቅ። ብዙዎቹ «እንዴት ጠየቅከኝ» አይሉህም፣ ያሳዩሃል። እዚያ ላይ መደቡ የሚሠራው ሥራ አንድ በአንድ ተጽፏል። እያንዳንዱን መስመር ወደ ጥያቄ ለውጠውና በራስህ እጅ መልስ ጻፍለት። «የባንክ ሂሳብ ያስታርቃል» ካለ ቁጭ በልና አስታርቅ። «የውሎ አበል ክፍያ ያዘጋጃል» ካለ አዘጋጅ።

ሌላም አለ። ዩኒቨርሲቲ የተማርከው ሂሳብ የድርጅት ሂሳብ ነው። ነጋዴ ነው በሐሳብህ ያለው። መንግሥት ግን ሂሳቡን የሚይዘው በተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ መሠረት ነው (በዋናነት ገንዘቡ ሲገባና ሲወጣ ይመዘግባል)፣ ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ ወጪው በኮድ ነው የሚመዘገበው። 6111 ሲባል የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ 6231 ሲባል ውሎ አበል መሆኑን ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው በእንቅልፍ ልቡ ያውቀዋል። ሞዴል 19 ዕቃ ሲገባ፣ ሞዴል 20 ሲጠየቅ፣ ሞዴል 22 ሲወጣ። የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ። ከሠፈርህ የመንግሥት ቢሮ ሂሳብ ክፍል የሚሠራ ሰው አታጣም። ማኪያቶ ጋብዘውና ሁለት ሰዓት አስወራው። ከ2,000 ገጹ ይበልጥሃል።

ያወረድካቸው ፋይሎች አንድ ሌላ ጣጣ አላቸው፣ ብዙዎቹ አርጅተዋል። እስኪ አንዱን ክፈተውና ስለ መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የሚያወራውን ቦታ ፈልግ። ቁጥር 515/1999 የሚል ከሆነ በሁለት አዋጅ ወደ ኋላ ቀርቷል። እሱን 1064/2010 ተካው፣ እሱንም 1353/2017 ተካው። የግዥ አዋጁም 649/2001 አይደለም፣ 1333/2016 ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1341/2016 አዲስ አዋጅ ወጥቶለታል። የገቢ ግብሩ 979/2008 ደግሞ በ1395/2017 ተሻሽሏል። አንተ የድሮውን በትክክል ሸምድደህ ስትጽፍ፣ አራሚው «ይኼ ልጅ ያለፈውን ነው የሚያወራው» ብሎ ኤክስ ያደርግብሃል። ሕግ ከነጋሪት ጋዜጣ እንጂ ከሰው ማስታወሻ አይነበብም።

ብዙ ሺህ ሰው የሚመዘገብባቸው ቅጥሮች አሉ፣ እነሱ ለየት ይላሉ። እዚያ ላይ ፈተናው ለዩኒቨርሲቲ ይሰጥና ምርጫ ጥያቄ ይሆናል፣ የቁጥር ስሌት፣ የቋንቋ፣ የአመክንዮ። ለሱ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና መለማመጃዎች ጥሩ ናቸው፣ በሰዓት ተለማመዳቸው። የስልክህን ካልኩሌተር ግን ራቀው። አዳራሽ ውስጥ ስልክ የለም፣ 17 በመቶን በእጅ ማውጣት የረሳ ስንት ጎበዝ አይቻለሁ መሰለህ።

በመጨረሻ፣ በእስክርቢቶ ጻፍ። ለሁለት ዓመት በአውራ ጣት ብቻ ስትጽፍ የቆየ እጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጽፍ ይዝላል፣ ጽሕፈቱም ይበላሻል። በየቀኑ አንድ ጥያቄ፣ 20 ደቂቃ፣ አንድ ገጽ። ከዚያ ለእህትህ አንብብላት። አካውንቲንግ ባታውቅም ገባኝ ካለችህ አራሚውም ይገባዋል።

«በእንግሊዝኛ ተምሬ በአማርኛ ተፈተንኩ»

ውድ አዘጋጅ፣ እኔ ሐዋሳ ነው ያደግኩት፣ አፌን የፈታሁት በሲዳምኛ ነው። አማርኛ እናገራለሁ፣ ትምህርቴ ግን ሁሉም በእንግሊዝኛ ነበር። ባለፈው የፌደራል መሥሪያ ቤት የግዥ ባለሙያ ፈተና ስገባ «የጨረታ ማስከበሪያ እና የውል ማስከበሪያ ልዩነት» ይላል። መልሱን አውቀዋለሁ! ቢድ ሴኩሪቲ መሆኑን የተረዳሁት ግን ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ነው። አለቀስኩ። (ከሐዋሳ)

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ሆዴ ነው የተላወሰው። የማያውቅ ሰው ሲወድቅና የሚያውቅ ሰው በቃል ምክንያት ሲወድቅ አንድ አይደለም። እኛም ፈተና ስናዘጋጅ ይህን ማሰብ ነበረብን፣ ሁልጊዜ አላሰብንም።

መድኃኒቱ ግን አለ፣ ደግሞም በነጻ ነው። የፌደራል ነጋሪት ጋዜጣ እያንዳንዱን አዋጅ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ነው የሚያትመው። አንዱ ገጽ ላይ ሁለት ዓምድ፣ ያው አንቀጽ፣ ያው ቁጥር። ለአንቺ ከዚህ የተሻለ መዝገበ ቃላት የለም። የግዥ አዋጁን አውርጂና የትርጓሜ አንቀጹን ብቻ ሁለት ቀን አንብቢ። እንግሊዝኛውን በወረቀት ሸፍኚና አማርኛውን እያየሽ ምን እንደሆነ ገምቺ፣ ከዚያ ገልብጪ። ግልጽ ጨረታ፣ ውስን ጨረታ፣ የዋጋ ማቅረቢያ፣ የጨረታ ሰነድ፣ ሁሉም አዋጁ ውስጥ አሉ። ሂሳብ ነክ ለሆኑት እኔ ጥቂት ልጨምርልሽ። ዲፕሪሲዬሽን የእርጅና ቅናሽ ነው። ሪሲቨብል ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ፔየብል ተከፋይ ሂሳብ። ሪኮንሲሌሽን ማስታረቅ።

ፈተናው ሲጀመር ደግሞ እጅሽን አውጪና «በእንግሊዝኛ መመለስ ይቻላል?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፣ ካልጠየቁ ግን ማንም አይናገርም። ከፈቀዱልሽ በአንዱ ቋንቋ ጨርሺ። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ አድርገሽ አትደባልቂ፣ አራሚ ይደክመዋል። አንድ የጥያቄ ቃል ካልገባሽም ቃሉን ብቻ ፈታኙን ጠይቂ። መልስ አይነግርሽም፣ የቃል ትርጉም ግን እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬአለሁ።

«ጥያቄውን በ5,000 ብር እሸጥላችኋለሁ አለን»

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሴት ልጄ በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ትፈተናለች። በቴሌግራም አንድ ሰው የወጣውን ጥያቄ ከነመልሱ እንደሚሰጣት፣ 5,000 ብር በቴሌብር እንድንልክ ነገራት። ከዚህ ቀደም አስገባኋቸው ያላቸውን ልጆችም ምስጋና አሳይቷታል። ልጄ ጓደኞቼ ሁሉ ገዝተዋል ትላለች። እኔ ልቤ አልቀበል ብሎኛል። እርስዎ ምን ይላሉ? (ከደብረ ማርቆስ)

አባቴ፣ ልብዎ ልክ ነው። አንድ ብር አይላኩ።

ምክንያቱን ልንገርዎ። እኛ ጋ ጥያቄው የሚያልቀው በፈተናው ዋዜማ ነበር፣ አንዳንዴ ጠዋት። ከሦስት አራት ሰው የመጣው ተቀላቅሎ፣ ተቆርጦ፣ በር ተዘግቶ ይባዛል። ከወር በፊት «የወጣ ጥያቄ» የሚባል ነገር ገና አልተወለደም። ሰውየው የሚሸጠው ያንኑ ልጅዎ በነጻ የምታገኘውን አሮጌ ፋይል ነው። ያሳያትን ምስጋና ራሱ ጽፎት ይሆናል። ከ50 ሰው 5,000 ብር ሰብስቦ ከመሀላቸው በጥረታቸው ሁለቱ ቢያልፉ፣ «እኔ ነኝ ያሳለፍኳቸው» ብሎ ቀጣዩን 50 ይጠራባቸዋል።

ከቶም ጥያቄው እውነተኛ ቢሆንስ? ያ የባሰ ነው። በማጭበርበር የተገኘ ቅጥር ሲደረስበት ይሰረዛል፣ ያንጊዜ ልጅዎ ሥራዋን ብቻ ሳይሆን ስሟንም ነው የምታጣው። እርስዎ ደግሞ ዕድሜ ልክዎን ሲፈትኑ የኖሩ ሰው ነዎት፣ ይኼ አይጠፋዎትም።

ያቺን 5,000 ብር ግን አያስቀምጧት። ከፈተናው ሁለት ቀን ቀደም ብላ አዲስ አበባ ትግባ። ከደብረ ማርቆስ ሌሊት ተነስቶ፣ ዓባይ በረሃን አቋርጦ፣ ጠዋት አዳራሽ የሚገባ ልጅ ወረቀቱ ላይ ያንቀላፋል። ዘመድ ጋ ትረፍ፣ ፈተና ቦታውን አንድ ቀን ቀድማ ሄዳ ትየው። ጓደኞቿ ገዝተው ከሆነም አይዘኑባት፣ ልጅ ሲጨነቅ እንዲህ ነው። አጠገቧ ይቀመጡና እንደ ድሮ ተማሪዎችዎ በሰዓት ይፈትኗት። ከእርስዎ የተሻለ አስጠኚ የላትም።

«ሁሉም በሰው ነው»

እኔ ጥያቄ የለኝም። ለምን ወጣቱን ታሞኛላችሁ? ሁሉም በሰው ነው የሚገባው። ፈተናው ለይስሙላ ነው። ስሙ ቀድሞ ተጽፎ ነው ማስታወቂያ የሚወጣው። 3 ዓመት አየሁት። (ከኮልፌ)

ወንድሜ፣ ውሸት ነው አልልህም። ዓይኔ ያየውን ልንገርህ።

ከሠራሁባቸው መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ውጤት ከተለጠፈ በኋላ አንድ ተፈታኝ መጣ። ቀጭን ልጅ ነው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ወረቀት በፕላስቲክ ይዞ። «ወረቀቴን አሳዩኝ» አለ። ከኮሚቴው አንዱ ተቆጣው። ልጁ አልተቆጣም። «እሺ» ብሎ ሄደና በማግስቱ ማመልከቻ ጽፎ መጣ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደረገ፣ ቅጂው ላይ ቀንና ቁጥር አስጻፈ። ቁጥር ያለው ደብዳቤ ደግሞ ዝም ብሎ አይጣልም። ወረቀቱ ወጣ። የአንድ ጥያቄ ነጥብ ሳይደመር ቀርቷል፣ የሌላ ሰው ወረቀት ላይ ደግሞ ቁጥር ተሰርዞ በላዩ ተጽፏል። እኔ ልዩነቴን ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈርኩ። ፈተናው እንደገና ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ለወራት ሰላምታ የነሱኝ ነበሩ፣ ይሁን። ያ ልጅ ግን ተቀጠረ።

ይህን የነገርኩህ ሁሉም እንዲህ ያልቃል ለማለት አይደለም። ያልተስተካከለም አውቃለሁ፣ እስካሁን ያመኛል። ግን የምልህ አለኝ። ከመሥሪያ ቤቱ መልስ ካጣህ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ የአስተዳደር በደል አቤቱታ ይቀበላል፣ ገንዘብ አይጠይቅህም። መረጃ የማግኘት መብትህም በአዋጅ 590/2000 ተጽፏል። ስትጽፍ ስድብ አትጨምር፣ «በዘመድ ነው» አትበል። የመደቡን ስም፣ የተፈተንክበትን ቀን፣ ኮድህን፣ የተለጠፈውን ውጤት ጻፍና የፈተና ወረቀቴ ይታይልኝ በል። ማስረጃ ያለው አጭር ደብዳቤ የሚፈሩት እሱን ነው። የተለጠፈውን ውጤትም በስልክህ ፎቶ አንሳው፣ ሰሌዳ ላይ ያለ ወረቀት ነገ ላይኖር ይችላል።

አንድ ሌላ ያየሁት ደግሞ አለ። ከተመዘገበው ሰው ብዙው በፈተናው ቀን አይመጣም። ስም ስንጠራ ዝም፣ ስንጠራ ዝም። «የተያዘ ነው» ብለው ቀርተው ነው። ያን ቀን መደቡ ያልተያዘ ነበር። በወረቀት ብቻ የተወዳደሩ፣ ማንንም የማያውቁ ከገጠር የመጡ ልጆች ገብተው ዛሬ ቡድን መሪ የሆኑ አሉ። አንተ 3 ዓመት ተበድለህ ይሆናል፣ ስለዚህ አልፈርድብህም። ግን አትቅር። ባዶ ወንበር አቤቱታ ማቅረብ አይችልም።

«ማየት የተሳነኝ ነኝ፤ አንባቢ ይሰጡኛል?»

በሕግ ተመርቄአለሁ። ለተመዘገብኩበት ፈተና አንባቢ ይኖር እንደሆነ ስጠይቅ «በዕለቱ እናያለን» አሉኝ። በዕለቱ ማን ያነብልኛል? (ከባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ «በዕለቱ እናያለን» የሚል መልስ አትቀበል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ 568/2000 አለልህ። የሕግ ሰው ስለሆንክ ከእኔ በላይ ታነበዋለህ፣ አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ግዴታ ይጥላል። ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቅ። አንባቢና ጸሐፊ፣ ለብቻ ክፍል፣ ተጨማሪ ሰዓት። ሦስቱንም በስም ጥቀስ፣ አዋጁን ቁጥሩን ጻፍ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርግ። አንባቢው የትምህርት መስክህን ቃላት ማንበብ የሚችል ሰው እንዲሆንም ጨምርበት። አንዴ እኛ ጋ የሕግ ጥያቄ የሚያነብ ሰው ተብሎ የተመደበው «ይግባኝ» እና «ይርጋ»ን እያምታታ ተፈታኙን አሰቃይቶታል። ከፈተናው በፊት አንባቢውን ለ10 ደቂቃ አግኘውና ፍጥነቱን ተስማሙ።

ውጤትህ ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያ የምታገኝበት ድንጋጌም አለ፣ ስለዚህ ስትመዘገብ ጉዳትህን ቅጹ ላይ አስሞላ። አንዳንዱ እንዳይንቁኝ ብሎ ይተወዋል። አትተው፣ መብትህ ነው።

«ከቤሩት ተመልሼ፣ 34 ዓመቴ ነው»

8 ዓመት ቤሩት ቆይቼ ተመለስኩ። ከመሄዴ በፊት በጽሕፈትና ቢሮ አስተዳደር ደረጃ 4 ጨርሻለሁ። ሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ ምዘና) አልወሰድኩም። ዕድሜዬ አልፏል ወይ? (ከአዳማ)

አላለፈም እህቴ። ሕጉ ለቅጥር የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ነው፣ 34 ለማንም አያስፈራም። ያንቺ ችግር ሲኦሲው ነው። የብቃት ማረጋገጫው ከሌለ በደረጃ 4 ማስረጃ ምዝገባው ላይ ይመልሱሻል። ስለዚህ ከፈተና ፍለጋው በፊት ምዘናውን ተመዝገቢ። እስከዚያ በአማርኛ መተየብ ተለማመጂ። የጸሐፊ ፈተና የተግባር ነው፣ ኮምፒውተር ፊት ያስቀምጡሽና አንድ ገጽ ደብዳቤ ይሰጡሻል፣ ሰዓት ይያዛል። አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብተሽ በቀን አንድ ሰዓት ከተየብሽ በወሩ እጅሽ ይመለሳል። ቤሩት የተማርሽውን ዓረብኛ ደግሞ ሲቪሽ ላይ ጻፊው፣ አትደብቂው። የሠራሽበት ላብ ነው።

«ቃለ መጠይቅ ላይ ድምፄ ይጠፋል»

የጽሑፉን አንደኛ እወጣለሁ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ 5 ሰው ፊት ስቀመጥ ድምፄ ይጠፋል። (ከጎንደር)

5ቱም ሰዎች ምሳ ሰዓት እየደረሰባቸው ነው፣ አንተን ሊያዋርዱ አልተቀመጡም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ራስህን ግለጽ» ነው። እሱን አስቀድመህ አዘጋጅ፣ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ፣ ጮክ ብለህ 20 ጊዜ በለው። ትምህርትህ፣ የሠራኸው ወይም የተለማመድክበት ቦታ፣ ይህን መደብ ለምን እንደፈለግክ። የመጀመሪያዋ ደቂቃ በድምፅ ካለፈች ቀሪው ይመጣል። የማታውቀውን «አላውቀውም፣ ግን እንዲህ ይመስለኛል» በል። ኮሚቴ ውስጥ ሆኜ እንዲህ ላለ ሰው ነጥብ ስንቀንስ አላስታውስም። የቀነስነው ለአምስት ደቂቃ ለቀባጠረው ነው።

«ቅዳሜ ልፈተን ነው»

እህቴ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ፈተና አለኝ። ከእንግዲህ ማንበብ አልችልም፣ ጭንቅላቴ ሞልቷል። ምን ይዤ ልሂድ? (ከሰሚት)

ዓርብ ማታ አታንብቢ። ተኚ። መታወቂያሽንና የመመዝገቢያ ወረቀትሽን፣ የሚጽፍ ሁለት ሰማያዊ እስክርቢቶ፣ ውኃ ያዢ። ስልክሽን እቤት ብትተዪው ይሻላል፣ በር ላይ ተቀበሉኝ አልተቀበሉኝ ብለሽ ከምትጨነቂ። 2 ሰዓት ተኩል እዚያ ድረሺ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከሰሚት መገናኛ ታክሲው እንደሚያስጠብቅ ታውቂዋለሽ። ስም አትጻፉ ካሉ አትጻፊ፣ ኮዱን ብቻ። ስም ያለበት ወረቀት ሊሰረዝ ይችላል።

እና ወረቀቱ ሲሰጥሽ፣ እስክርቢቶሽን ከማንሳትሽ በፊት፣ ገልብጪና ገጹን ቁጠሪ። አንዴ ሳርም አንዲት ልጅ የፊቱን ሁሉ በሚገርም ጽሕፈት ሞልታ፣ የጀርባውን ገጽ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። 15 ነጥብ ነበረበት። ጥያቄው የፊተኛውን ለጻፈ ሰው ቀላል ነበር። መጀመሪያ ያለማወቅ መስሎኝ አለፍኩት፣ በኋላ ሳስበው ወረቀቱን አልገለበጠችውም። በሁለት ነጥብ ነው የቀረችው።